በካሚዮን ላይ ለሚዘረጋ አልጋ ምንጣፉንና ልብሱን ስለ መምረጥ



ስለ ቤት አልጋ አነጣጠፍ፣ ስለ አንሶላ አስተጣጠብና ስለ ፍራሽ አያያዝ በየጊዜው ብዙ ተጽፏል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ በመንገድ ሲያድር ስለሚተኛበት አልጋ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት፤ የመንገድ አልጋ ለአንድና ለሁለት ሌሊት ብቻ ስለሆነ እንደምንም ይታለፋል የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ ስላለ ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጅ ወይም ሕፃን ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ሰው፤ ያች አንዲት ሌሊት በቤት ከሚያድርባቸው ከሠላሳው ሌሊት ይልቅ የምትከብድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በቤተ ሰባችን ለእንዲህ ያለው ጉዞ የተደረገውን ምርጫ ከነምክንያቱ ለመግለጽ ወደናል።

አባቶቻችን በመንገድ ማደርን ከእኛ ይልቅ ያውቁበት ነበር። ሹም ሲዘምት ወይም ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ድንኳኑና ምንጣፉ በአጋሰስ ተጭኖ ከፊት ይቀድማል። ጌታው ከመድረሱ በፊት ድንኳኑ ተተክሎ፤ ሣር ተጎዝጉዞ፤ በሣሩ ላይ ጀንዲ፤ በጀንዲው ላይ አጎዛ ተነጥፎ ይቆያል። ልብስ የሚደረበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንባቢ ይህን ቅደም ተከተል ልብ ይበልልን። ከሰውየው በላይ ያለው ልብሱ ብቻ ሲሆን፤ ከሰውየው በታች ያለው ግን ሣሩ፣ ቆዳውና ጠጉሩ ሦስት ነው። የኋላ ኋላ የምንናገረው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ዛሬ አጋሰሱ ቀርቶ በስፍራው ካሚዮን ተተክቷል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዓፄ ምኒልክ መጥቶ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ሕዝባችን በመኪና መሄድን ፈጥኖ ለምዷል፤ በመኪና ማደርን ግን ገና አልለመደም። በውጭ አገር፤ በፒክ አፕ ጀርባ ላይ የሚጫን፤ በጉዞ ጊዜ ጣሪያው ዝቅ ብሎ የሚገጠም፤ በማደሪያ ጊዜ ደግሞ ጣሪያው ወደ ላይ ሲነሣ የሸራ ግድግዳው የሚዘረጋ የመኝታ ሣጥን ይሠራል። በአገራችንም አገር ጎብኚዎችን የሚያጓጉዙ ሰዎች በመኪና ጣሪያ ላይ የሚከፈት ድንኳን ይዘው ሲሄዱ እናያለን።

የባለቤታችን ወንድም የመኪና ጥገና ጋራዥ ያለው ሰው ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር በሥዕል አይቶ፤ በአሮጌ ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ላይ በቆርቆሮና በሸራ ራሱ ሠራው። ጣሪያው በአራት ማዕዘን በቆሙ ብረቶች ይነሣል፤ በእነዚያው ይወርዳል። አልጋው ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ ነው። እኛም እንደ ጸሐፊነታችን ልማድ ሜትር ይዘን ለካነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ40 ሆነ። ከሁሉም የሚበልጠው ልኬት ግን ሌላ ነበረ፤ ይኸውም ጣሪያው ወርዶ ሲገጠም ከሳንቃው እስከ ጣሪያው ድረስ የሚቀረው ባዶ ስፍራ 22 ሳንቲ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ፍራሹም፣ ምንጣፉም፣ ልብሱም ሁሉ ተጣጥፎ በዚህ ውስጥ መግባት አለበት። ከዚህ ካለፈ ጣሪያው አይዘጋም፤ ጣሪያው ካልተዘጋም መኪናው አይሄድም።

የጉዞው ምክንያት የእናታችን ስለት ነበረ። እናታችን ለልጅ ልጃቸው ለቁልቢ ገብርኤል የተሳሉት ነበርና፤ ልጅቱ አራት ዓመት ሲሞላት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ስለቱን ለማግባት ተነሡ። ራስ መኮንን ወዳሠሩት ወደዚያ ደብር ሕዝብ በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 ከአራቱ ማዕዘን ይጎርፋል። ቀድሞ የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ብዙው ሰው እስከ ድሬዳዋ በባቡር እየሄደ ከዚያ ወደ ደብሩ ይወጣ ነበር። አሁን የሚበዛው በመኪና ነው። ነገር ግን በበዓሉ ሰሞን በቁልቢ አካባቢ ማደሪያ ማግኘት እጅግ ጭንቅ ነው፤ ባለጸጋውም ድኻውም በሜዳ፣ በድንኳንና በመኪና ውስጥ ያድራል። እናታችን ደግሞ ጉልበታቸውን ብርድ ከያዘው ቆይቷል። አንድ ሌሊት ሲበርዳቸው ሳምንት ሙሉ መነሣት ይከለከላሉ። ስለዚህ ሄደው በጤና መመለሳቸው በአልጋው ላይ የቆመ ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በመንገዱ ላይ ሁለት አገር አለ። የምንኖርበት ጉለሌ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ፤ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ የሆነ ደጋ ነው። የእንጦጦን ብርድ ለማያውቅ ሰው፤ እቴጌ ጣይቱና ዓፄ ምኒልክ ከተራራው ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን መቆርቆራቸው በቂ ምስክር ነው። ከዚህ ተነሥቶ አዋሽ ሰባት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ እስከ ስድስት ዲግሪ ተኩል ስለሚለዋወጥ፤ በጠዋት ጋቢ ተከናንቦ የወጣ ሰው ማታ በአዋሽ ነጠላም ይከብደዋል። በማግሥቱ ከአዋሽ ተነሥቶ በሚኤሶ በኩል ወደ አሰበ ተፈሪና ወደ ጨርጨር ተራራ ሲወጣ እንደገና ደጋ ይሆናል፤ ቁልቢም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አንዱ አልጋ በአንደኛው ሌሊት የቆላ፤ በሁለተኛው ሌሊት የደጋ መሆን ነበረበት። አንድ ወፍራም ልብስ ብቻ መያዝ ለዚህ አይረባም፤ የሚደራረብና የሚነሣ ቀጭን ቀጭን ልብስ ያስፈልጋል።

በቤታችን ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ባለቤታችን ከአልጋቸው ላይ ያለውን ኮምፎርት እንውሰድ አሉ። እርግጥ ነው፤ ኮምፎርት ለዓይን ያምራል፤ ለገላም ይለሰልሳል። ነገር ግን አጥፈን ብንለካው ብቻውን አንድ ስንዝር ሞላ። ፍራሹ ከተነጠፈ በኋላ የሚቀረው ስፍራ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ በሜትሩ ተዘጋ። ወንድማቸው ደግሞ ተራራ ወጪዎች የሚይዙትን በዚፕ የሚዘጋውን የመኝታ ከረጢት ለሁሉም እንግዛ አለ። ይህ ዕቃ ሲጠቀለል እንደ ትንሽ ስልቻ ይሆናል፤ ለብቻው ለሚተኛ ጎልማሳ እጅግ ይረዳል፤ እርሱም ለራሱ ይዞ በጋቢና ውስጥ ተኝቶበታል። እናታችን ግን ከረጢቱን ባዩት ጊዜ፤ «ልጄ፣ በቁሜ አትገንዘኝ» አሉት። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ፍርዱ ትክክል ነው። ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው ከእንዲህ ያለ ከረጢት ገብቶ መውጣት አይችልም፤ በሌሊትም ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሽማግሌ ዚፕ ሲፈልግ ይነጋበታል። ሕፃን ደግሞ ከእናቱ ተለይቶ በከረጢት ውስጥ አይተኛም።

እናታችን ራሳቸው የጠየቁት የለመዱትን ጋቢያቸውን ብቻ ነበር። እኛ ግን ጋቢው ይጨመርበታል እንጂ ብቻውን አይበቃም አልን። ለምን እንደማይበቃ ማስረዳቱ ነገሩን ከሥሩ መናገር ይጠይቃል።

ልብስ ሰውን የሚያሞቀው የራሱ ሙቀት ስላለው አይደለም። በፈትሉ መካከል አየር ይዞ የገላን ሙቀት እንዳይሸሽ ስለሚከለክል ነው። እንግዲህ ከላይ የተደረበው ልብስ እንደተነፋ ስለሚቆይ አየሩን ይይዛል። ከታች የተነጠፈው ግን የሰው ክብደት ሲጫነው ይደፈጠጣል፤ አየሩም ይወጣል። ሰው ከላይ ሦስት ጋቢ ደርቦ በጎኑ በኩል የሚበርደው ስለዚህ ነው። በቤት አልጋ ይህ ብዙ አይታወቅም፤ የክፍሉ አየር ዝም ያለ ነውና። በካሚዮን ላይ ያለ አልጋ ግን ከበታቹ ነፋስ ይመላለሳል፤ ሳንቃውም ብረቱም በሌሊት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለመኪና አልጋ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ከታች ያውጣ፤ ከላይ ያለው ይደርሳል።

እኛ ራሳችን ይህን የቀመስነው በቆሎ ተማሪነታችን ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ሀብታችን አንድ ደበሎ ነበረች። ከታች ብናነጥፋት ከላይ እንራቆታለን፤ ከላይ ብንለብሳት ከታች መሬት ይበላናል። ጓደኞቻችን ብልሃት ፈጠሩ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ የአንዱን ደበሎ አንጥፈው የሌላውን ለበሱ። እንግዲህ ከታች የተነጠፈችው ደበሎ ናት ሁለቱንም ከብርድ ያዳነቻቸው፤ የበግ ጠጉር ቢደፈጠጥም ተመልሶ የሚነሣ ነውና። በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንገባ የብረት አልጋና ነጭ አንሶላ አገኘን። እዚያ የተማርነው ሌላ ነው፤ ይኸውም ከአልጋ እንደተነሡ ቶሎ አለማንጠፍ፤ ልብሱን ገልጦ ላቡ እስኪወጣለት መተው፤ ከዚያ በኋላ ማንጠፍ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱን ትምህርት በአንድ አልጋ ላይ እናገናኛቸዋለን ብለን አላሰብንም ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። ከሁሉ በታች ያደረግነው ሰሌን ነው። ብዙ ሰው ይህን ስንፍና ይመስለዋል። ነገር ግን የቀድሞው የጠፍር አልጋ ለምን ጤናማ እንደነበረ እናስብ። ጠፍሩ እንደ ወንፊት ክፍት ስለሆነ አየር ከታች ወደ ላይ ያልፋል፤ የሰው ላብም ከምንጣፉ ሥር አይጠራቀምም። ሳንቃ ግን ድፍን ነው። ሞቃቱ የገላ ትነት በፍራሹ አልፎ ከቀዝቃዛው ሳንቃ ሲደርስ ውሃ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ፍራሹን ቢገልጡት ከሥሩ ረጥቦ፤ ሳይቆይም ሻግቶ ይገኛል። ሰሌኑ በሳንቃውና በፍራሹ መካከል ጥቂት አየር እንዲያልፍ ያደርጋል። ሳንቃውን በመሰርሰሪያ እየበሱ ቀዳዳ ማብዛትም ይረዳል፤ እንዲያ አስደርገናል።

ከሰሌኑ በላይ ስፖንጅ ፍራሽ ነው። እዚህ ላይ ውፍረት ሰውን እንዳያታልለው። ለስላሳ የሆነ የ15 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ፤ ትልቅ ሰው ሲተኛበት ዳሌውና ትከሻው ከሳንቃው ይደርሳል። ጠንካራው ግን 10 ሳንቲ ሜትርም ቢሆን ሰውየውን ተሸክሞ ያድራል። በሱቅ ውስጥ ሲመርጡ በመዳፍ መጫን አይበቃም፤ በጉልበት ተንበርክከው ይሞክሩት። ጉልበትዎ መሬቱን ካወቀው ይተዉት። ስፖንጁን በአልጋው ልክ በስለታም ቢላዋ ማስቆረጥ ይቻላል። ለልኩ የሚሆን አንሶላ ግን ከገበያ አይገኝምና አቡጀዲ ገዝተን፤ ማዕዘኑ በላስቲክ እንዲያዝ አድርገን በሰፈራችን ልብስ ሰፊ አሰፋነው። አቡጀዲን የመረጥነው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ ጥጥ ስለሆነ ላብ ይመጣል፤ በአዋሽ ሙቀትም ከገላ ጋር አይጣበቅም።

ከአንሶላው በታች፤ ከስፖንጁ በላይ ባና አነጠፍን። ባናው ከመንዝ ዘመዶቻችን የላኩልን፤ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የተሠራ ወፍራም ልብስ ነው። በመንዝ ባናን ሰው ይለብሰዋል እንጂ አያነጥፈውም ብለው የሚቆጡን አይጠፉም፤ ባለቤታችንም ይህንኑ ብለዋል። ነገር ግን የበግ ጠጉር ሁለት ነገር አለው። አንደኛው፤ በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ እንደ ጥጥ ተደፍጥጦ አይቀርም። ሁለተኛው፤ ከራሱ ክብደት እስከ ሲሶ የሚደርስ እርጥበት ይዞ ሳለ ረጠብኩ አይልም፤ ማሞቁንም አይተውም። ጥጥ ግን ከረጠበ ሙቀቱ ያልቃል። ስለዚህ እርጥበት በሚበዛበት ከታች ጠጉርን፤ ደረቅ ሆኖ በሚቆየው ከላይ ጥጥን ማድረግ ይገባል ብለን ቆረጥን። የሚኮሰኩሰውም ነገር ከአንሶላው በታች ስለሆነ ልጅቱን አላስለቀሳትም።

ለላዩ ልብስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ሽሮ ሜዳ የጉለሌያችን ሀብት ነው። ከጋሞ ደጋ፤ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች በዚያ ሰፍረው ጥበባቸውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ሰው ወደዚያ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለበዓል ቀሚስና ለጥበብ ጥለት ነው። እኛ የሄድነው ለመኝታ ስለነበረ ጥለቱን ችላ ብለን ፈትሉን መመርመር ጀመርን። አንድ ሽበት የወረሳቸው ሸማኔ አይተውን፤

«ጋሼ፣ ለመልበስ ነው ወይስ ለመተኛ?» አሉን።

ለመተኛ መሆኑን ብንነግራቸው የያዝነውን ጋቢ ከእጃችን ወስደው አስቀመጡት፤ እርሱም ከሁሉ የሚያምረውና የሚከብደው ነበር።

«ይኼ ጥብቅ ነው፤ ትከሻ ላይ ያምራል። ለመኝታ ግን ላላ ብሎ የተሠራውን ይውሰዱ። ማጉ የእጅ ፈትል ይሁን።»

ምክንያቱን ጠየቅናቸው። ድሩ ከፋብሪካ ክር ቢሆን ግድ የለም፤ እርሱ የሚፈለገው ለጥንካሬ ነው። ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ሲሆን ጠጉሩ አልተጨቆነም፤ ያበጠ ነው፤ አየርም ይይዛል አሉን። ይህ ከላይ ስለ አየር የጻፍነውን እርሳቸው ያለ መጽሐፍ ያወቁት መሆኑ ነው። ደግሞ ጋቢውን በብርሃን ላይ ዘርግተው አራቱ እጥፍ እኩል መሆኑን አሳዩን። አንዳንድ ጋቢ ላይኛውና ታችኛው ጥሩ ሆኖ መካከለኛው ሳሳ ያለ ነውና ገዢ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ መልካም ነው።

ሁለት ጋቢና አንድ ቡልኮ ገዛን። ቡልኮ ከጋቢ ይወፍራል፤ ይከብዳል፤ ብርዱ ጽኑ በሆነ ደጋ የሚኖሩ ሰዎች ለራሳቸው የሠሩት ልብስ ስለሆነ በሥራው ቀልድ የለበትም። ነገር ግን ለሁሉም ቡልኮ መግዛት አያሻም፤ ሦስት ሰው የሚተኛበት አልጋ ላይ አንድ ቡልኮ በመካከል ከተዘረጋ ጋቢዎቹ ጎንና ጎኑን ይይዛሉ። ሁሉንም አጣጥፈን በፍራሹ ላይ ዘርግተን ብንለካው ከሰሌኑ ጀምሮ 19 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ጣሪያው ያለ ትግል ገጠመ። የእናታችን ትራስ ግን አልገባም፤ በጋቢና ውስጥ በእቅፋቸው ይዘውት ሄዱ።

ታኅሣሥ 17 ከጉለሌ ተነሥተን በአዋሽ አደርን። በዚያ ሌሊት ያስፈለገን አንሶላና ነጠላ ብቻ ነበረ፤ ጋቢዎቹ ተጠቅልለው ትራስ ሆኑ። ለቆላ ሌሊት ግን ከልብስ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አጎበር ነው። ወባ ባለበት አገር ሙቀቱን ሽሽት የሸራውን መስኮት ከፍቶ ያለ አጎበር የሚተኛ ሰው ራሱን ለትንኝ ግብር አቅርቧል። የሚነሣው ጣሪያ ለአጎበር እጅግ ይመቻል፤ በአራቱ ማዕዘን ሜንጦ አስመትተን አንጠለጠልነው። ሲነጋ ባለቤታችን ሁሉን ገልጠው በአዋሽ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል አሰጡት። መንገድ ይረፍድብናል ብሎ ወንድማቸው ቢያጉረመርምም አልሰሙትም። ሦስት ሰው በአንድ ሌሊት የሚተነፍሰው እርጥበት ጥቂት አይደለም፤ ረጥቦ ከተጣጠፈና ጣሪያ ከተጫነበት ደግሞ የሚወጣበት የለውም፤ ማታ በደጋው ላይ የሚለብሱት እርሱኑ ነው።

በ18 ማታ ቁልቢ ደረስን። ሕዝቡና መኪናው ሜዳውን ሞልቶታል። ፀሐይ እንደገባች ብርዱ ወረደ፤ በየስፍራውም የከሰል ማንደጃ ይቀጣጠል ጀመር።

ስለ ከሰል እዚህ ላይ መናገር ግድ ነው። ይህ ሁሉ የምንጣፍ ነገር ለምቾት ብቻ የተነገረ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት ባላጠፋንበት። ሰው አልጋው ካላሞቀው እሳት ይፈልጋል፤ እሳቱንም ወደሚተኛበት ስፍራ ያስገባል። ከሰል በተዘጋ ስፍራ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር መልክም ሽታም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የተኛው ሰው አይነቃም። ከዓመታት በፊት አንድ የውርስ መዝገብ በእጃችን አልፎ ነበር። ባልና ሚስት በክረምት ሌሊት ማንደጃ አስገብተው፤ በር ዘግተው ተኝተው በአንድነት ሞተው ተገኙ። በሁለቱ ወገን ያሉ ዘመዶች ማን ቀድሞ ሞተ ብለው ተከራከሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ አስቦበታል። ፍርዱን የገለበጥነው እኛ ነን። ከንብረቱ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ የሚል ነበረበት፤ ሁለቱም ስስ ነበሩ።

እንግዲህ በቁልቢ ከመኪናችን አጠገብ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ነበር። በውስጡ ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት ነበረች። ሌሊቱ ሲጸና ባልዋ ማንደጃውን ከውጭ አንሥቶ ወደ ውስጥ አስገባውና በሩን ሳበው። ይህን ያዩት ባለቤታችን ናቸው። ወርደው መስታወቱን ቢያንኳኩ፤ ሰውየው ፍሙ ጥቂት ነው፤ ልጁ እስኪሞቀው ብቻ ነው ብሎ መለሰላቸው። ክርክር ሊሆን ነው ስንል እናታችን ከሸራው ራሳቸውን አውጥተው ልጅቱን ጠሩአት።

«ልጄ፣ ከሰሉን አውጪውና ይኼን ልበሺ።»

የሰጧት ቡልኮውን ነበር። ወጣቲቱ ተቀብላ እንደመመለስ እያደረገች፤

«እማማ፣ ለእርስዎስ?» አለች።

«እኔ ከታች ሞቆኛል።»

ማንደጃው ወጣ። እኛ ግን እውነቱን ለመናገር ተጨንቀን ነበር፤ ከእናታችን ላይ የተነሣው ከሁሉ የሚወፍረው ልብስ ነውና። ባለቤታችን አንዱን ጋቢ ለእናታችንና ለልጅቱ፤ ሌላውን ለራሳቸው አደረጉ። የእኛንም ካፖርት ከላይ ጨመርንላቸው፤ እኛ ከውጭ ባለው ድንኳን ውስጥ በአጎዛ ላይ ነበርንና ካፖርቱን ባናገኘውም አልሞትንም። ነፋሱ ሌሊቱን ሁሉ ሸራውን ሲመታው አደረ። የሸራውን ላይኛ መስኮት አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ትተነው ነበር፤ ብርድ ያስገባል ተብሎ ሊዘጋ አይገባውም፤ ትንፋሽ የሚወጣበት እርሱ ነው።

ሲነጋ ለኪዳን የተነሡት ከሁላችን ቀድመው እናታችን ናቸው። ጉልበታቸውን ይዘው እያሹ ሲወርዱ አይተን ልናግዛቸው ብንቀርብ፤ መነጽራቸውን እንድናቀብላቸው ብቻ ጠየቁን። ስለታቸውን አገቡ፤ ልጅቱም ጥላውን ስታይ ውላ ተመለሰች። ቡልኮው ግን አብሮን አልተመለሰም። ወጣቲቱ ልትመልሰው ብትመጣ እናታችን፤ መንገድሽ ገና ነው፤ ከእናንተ ጋር ይሂድ ብለው ሸኟት።

ከጉዞው በኋላ በልብሱ አያያዝ ላይ ያየነውን ጥቂት ነገር ጨምረን እናበቃለን። ስፖንጁን በመኪናው ውስጥ ትቶ መክረም አይገባም፤ በጉለሌ ክረምት በሳምንት ውስጥ ይሻግታል። በቤት ውስጥ በቁሙ ግድግዳ አስደግፎ ማኖር ይሻላል። ጋቢዎቹ ይታጠባሉ፤ ነገር ግን ጠምዝዞ መጭመቅ የእጅ ፈትሉን ያሳሳዋልና በሁለት ሰው ተይዞ ተዘርግቶ ይንጠፍጠፍ። ባናው በውሃ ብዙ ጊዜ አይነካም፤ በደረቅ ፀሐይ ተሰጥቶ በዱላ ይራገፋል። ጠላቱ ብል ስለሆነ ንጹሕ ሳይሆንና ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ አይግባ፤ ከገባም በኋላ በየሁለት ወሩ አውጥቶ ማራገፍ ያሻል። እኛም ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ አውጥተን አስጥተነዋል። ለቡልኮው ምትክ ለእኚያው ሽማግሌ ሸማኔ አዘዝናቸው፤ ልኩን ሲጠይቁን ርዝመቱንና ወርዱን ከነገርናቸው በኋላ ሲታጠፍ ከአራት ጣት እንዳይበልጥ አደራ አልናቸው። ሸማኔ ሆኜ በውፍረት ታጥፎ የሚለካ ልብስ ሲታዘዝልኝ ይህ መጀመሪያዬ ነው ብለው ሳቁብን፤ በሦስት ሳምንት አደርሳለሁ አሉን፤ በአራተኛው ሳምንት ደረሰ።